«በነጻ» እና «ነጻ»፦ ልዩነቷ አንዲት «በ» ናት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ክፍል ነው። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎቻችን ሞጁሎቻቸውን በኮምፒውተር ማንበብ አቅቷቸው ነበር። ስለዚህ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ ፋይሎችን ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚረዱት የጋራ የፊደል አሠራር) የሚቀይር፣ ርዕሶቹንም አስተካክሎ በወርድና በኢፐብ (በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል) የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጻፍኩ። እስካሁን ለጠየቀኝ ሁሉ በፍላሽ እሰጣለሁ። አሁን አንድ ድርጅት ‹ሽጭልን፣ እኛ በነጻ እናከፋፍለዋለን› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ኮዱን ከለቀቅሽው ሌላ ሰው ወስዶ ይቸበችበዋል› ይለኛል። የእኔ ፍላጎት ተማሪ መቼም ቢሆን ሳይከፍል እንዲያገኘው ነው። ምን ላድርግ? ለድርጅቱስ ምን ብዬ ልመልስ? እህታችሁ ከጅማ።»

እህቴ፣ በቅድሚያ እጅሽ ይባረክ። ሁሉም ሲያማርርበት የኖረውን ነገር አንቺ ቁጭ ብለሽ ሠርተሽዋል።

ነገር ሳላስረዝም መልሴን ልንገርሽ። መብቱን አትሽጪ። ኮዱን ጂፒኤል በሚባለው፣ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያካፍለው በሚፈቅደው ፈቃድ ልቀቂው። ከመልቀቅሽ በፊት ግን ከመሥሪያ ቤትሽ የጽሑፍ ስምምነት ያዢ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምክንያቱ ነው።

«በነጻ» ስንል ገንዘብ አይከፈልበትም ማለታችን ነው። «ነጻ» ስንል ደግሞ ጌታ የለበትም ማለታችን ነው። የግብዣ ምሳ በነጻ ይበላል፤ ጋባዡ ነገ ካልጠራሽ ግን ጾምሽን ትውያለሽ። ድርጅቱ ቃል የገባልሽ «በነጻ» የሚለውን ነው። አንቺ ግን «መቼም ቢሆን» ብለሻል። እሱን ሊሸከም የሚችለው ሁለተኛው ብቻ ነው።

በዚህ ልዩነት የተጎዱ ሰዎች አሉ። ዊንዶው አይስ የሚባል ስክሪን ሪደር ነበር። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ፣ በጊዜው ከታወቁት አንዱ። በጃንዋሪ 2014 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አምራቹ ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማምቶ፣ ኦፊስ 2010 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ኦፊስ ላለው ሁሉ ያለ ክፍያ ይሰጥ ጀመር። ትልቅ የምሥራች ነበር። ከዚያ አምራቹ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። ያንን ደግሞ ሌላ ገዛው። የገዛው ቡድን የዋና ተፎካካሪውም፣ የጆውስ፣ ባለቤት ነበር። በሜይ 2017 ዊንዶው አይስ አበቃለት። ማንም ክፉ አስቦ አይመስለኝም። አንድ ሱቅ ሁለት ተመሳሳይ ዕቃ ለምን ይይዛል? ችግሩ ኮዱ ዝግ መሆኑ ነው። ተጠቃሚዎቹ «እሺ፣ እኛው እንቀጥለው» የሚሉበት መንገድ አልነበራቸውም።

አሁን ደግሞ ኢስፒክን ተመልከቺ። ጽሑፍን በድምፅ የሚናገር ፕሮግራም ነው። ጆናታን ዳዲንግተን የተባለ ፕሮግራመር በ1995 ለአኮርን ኮምፒውተሮች ጀመረው፤ በኋላም ኮዱን በጂፒኤል ለቀቀው። በ2015 ከእሱ ዘንድ ለወራት አዲስ ነገር ጠፋ። ተጠቃሚዎቹ ተመካከሩ። በዲሴምበር ወር ሪስ ደን የተባለ ሌላ ፕሮግራመር ኢስፒክ ኤንጂ በሚል ስም ሥራውን ቀጠለ። ማንንም ደጅ መጥናት አላስፈለገውም። ፈቃዱ አስቀድሞ ተሰጥቷል።

ተማሪዎችሽ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ጭነው አማርኛ ሲያስነብቡ የሚሰሙት ያ ሮቦት ድምፅ ከዚያ የመጣ ነው። ውበቱን አላወድስም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ገና» ሲል በዓሉን ይሁን ጊዜውን ዝም ብሎ ይገምታል። ግን አለ። (ጠብቆ ይነበብ!) ባለቤቱ ዝም ሲል አብሮ ቢቀር ኖሮ አሁን እሱም አይኖርም ነበር።

ኤንቪዲኤ ራሱ ከዚሁ ቤት ነው። ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ በ2006 ጀመረው። ብዙም ሳይቆይ ጄምስ ቴህ ተቀላቀለው። ሁለቱም ማየት የተሳናቸው ናቸው። በጂፒኤል የተለቀቀ ነው፤ ማንም በፍላሽ ገልብጦ ለማንም ሊሰጥ ይችላል። በእኛ አገር ካምፓሶች ሰው ስለ ፈቃዱ ሳያስብ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብለዋል። በአጋጣሚ ሕጋዊ የሆነ ልማድ ነው እንግዲህ።

ወደ ጓደኛሽ ስጋት ልመለስ። የፈራው ነገር ሊሆን ይችላል። ጂፒኤል መሸጥን አይከለክልም። አንድ ሰው ፕሮግራምሽን ወስዶ፣ ጎንደር ድረስ ተጉዞ፣ ጭኖ፣ አሠልጥኖ 500 ብር ቢያስከፍል የሸጠው ድካሙን ነው። ይሽጥ። ገዢው ግን ኮዱን የመጠየቅ መብት አለው። ካገኘም በኋላ ለመቶ ሰው ያለ ክፍያ ቢያድለው ሻጩ ሊከለክለው አይችልም። በዚያ ላይ ያው ነገር ካንቺ ዘንድ በነጻ ይገኛል። በዚህ ሁኔታ ቸብችቦ የሚከብር ሰው እስካሁን አላየሁም።

ጂፒኤል የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ያንቺን ኮድ ወስዶ፣ ትንሽ አሳምሮ፣ ቆልፎ የራሱ አድርጎ እንዳይሸጥ። ያሻሻለውን ለሰው ከሰጠ ኮዱንም በዚያው ፈቃድ መስጠት አለበት። ኤምአይቲን የመሳሰሉት ልል ፈቃዶች ይህ ግዴታ የለባቸውም። መጥፎ ሆነው አይደለም፤ ብዙ ጥሩ ሥራ በእነሱ ተለቋል። «መቼም» ላለ ሰው ግን ጂፒኤል ይሻለዋል። አንድ ቀዳዳ አለው። ሰውየው ፕሮግራሙን ለማንም ሳይሰጥ በራሱ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ «ፋይልህን ስቀል፣ ቀይሬ ልስጥህ» ቢል ተራው ጂፒኤል አይይዘውም። ወደፊት ፕሮግራሙን ወደ ድረ ገጽ ለማዞር ካሰብሽ አጂፒኤል የሚባለውን ውሰጂ። እሱ የተጻፈው ያችን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ልንገርሽ። የፕሮግራምሽ ነፍስ ኮዱ ውስጥ አይደለችም። ሠንጠረዡ ውስጥ ናት።

እንደምታውቂው ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ምልክት ነው፤ ፎንቱ «ለ» አድርጎ ይሥለዋል። ለሚያይ ሰው ምንም አይጎድልም። ስክሪን ሪደር ግን የሚያነበው ሥዕሉን አይደለም፤ ከሥር ያለውን ኮድ ነው። ስለዚህ የታሪክ ሞጁል ተከፍቶ «ፐርሰንት፣ ኮማ፣ ስላሽ» እያለ ይለፈልፋል። ወንበሮቹም ስለማይበቁ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈለው፤ ሌላው ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አቀማመጥ አለው። የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚለው ዝርዝር፣ ያንቺ የስንት ሌሊት ሥራ፣ እሱ ነው ሀብቱ።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ከኮዱ ለዪው። ማንም በኖትፓድ ሊከፍተው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጪው። ለእሱ ደግሞ ከጂፒኤል የላላ ፈቃድ ስጪው፤ ሲሲ ዜሮ የሚባለው፣ ማንም ያለ ምንም ግዴታ እንዲጠቀም የሚፈቅደው፣ ጥሩ ነው። ነገ ፓይተን የማይወድ ልጅ በሌላ ቋንቋ አዲስ ፕሮግራም ሊጽፍ ይችላል። ሠንጠረዡ ካለው በሳምንት ይጨርሳል። ከሌለው ያንቺን ሌሊቶች እንደገና ያድራቸዋል።

ይህን የምልሽ አውቄው ስለሆነ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት እኔም እንዲህ ያለ መቀየሪያ ሠርቼ ነበር። ሠንጠረዡን ኮዱ ውስጥ ቀበርኩት። ኮዱን በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ አስቀመጥኩ። የሰጠሁት የሚጫነውን ፋይል ብቻ ነበር፤ ያውም «በነጻ» እያልኩ እየኮራሁ። አንድ ቀን ሃርድ ዲስኩ ሞተ። ፕሮግራሙ ግን በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ እየሠራ ቀረ፣ ከነስህተቱ። «ሯ»ን «ረ» ያደርጋት ነበር። «ሯጭ» የነበረው «ረጭ» ይሆናል። ሰዎች ለዓመታት ደውለው ነገሩኝ። «አውቃለሁ» ከማለት በቀር የማደርገው አልነበረኝም። የራሴ ፕሮግራም ለራሴ ዝግ ሆነብኝ።

ስለዚህ ኮዱን ቢያንስ በሁለት ቦታ አስቀምጪ። ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብ አንዱ ይሁን። ሶፍትዌር ሄሪቴጅ የሚባለውንም እወቂው፤ በ2016 በፈረንሳዩ የምርምር ተቋም ኢንሪያ የተከፈተ የኮድ ማኅደር ነው፤ ኮድሽን እዚያ እንዲቀመጥ መጠየቅ ትችያለሽ። የይለፍ ቃሉን ደግሞ አንድ ሌላ ሰው ይያዘው። ከቻልሽ ያ ሰው በየቀኑ ፕሮግራሙን የሚጠቀም ማየት የተሳነው ተማሪ ወይም ምሩቅ ይሁን። የሚያየው ሰው የማይሰማውን ስህተት እሱ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ደረቁ ጉዳይ፦ መሥሪያ ቤትሽ። ጠበቃ አይደለሁም። ሆኖም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ሠራተኛ በሥራው የፈጠረው ነገር፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። አንቺ ፕሮግራሙን በሥራ ሰዓት፣ በግቢው ኮምፒውተር፣ አለቃሽ አዝዞሽ ከሠራሽው ልትሸጪውም ልትለቂውም የማትችዪ ሆነሽ ልትገኚ ትችያለሽ። ማታ ቤትሽ ከሠራሽውም ወረቀት መያዙ አይጎዳሽም። አንዲት ገጽ ትበቃለች፦ «ይህ ፕሮግራም በዚህ ፈቃድ ቢለቀቅ ተቃውሞ የለንም» የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት። አሁን ጠይቂ። ፕሮግራሙ ስም ካወጣ በኋላ ማኅተሙ ይወደዳል።

ወረቀቱ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ፈትሺ። የድሮዎቹን ፎንቶች አብረሽ ጭነሽ ከሆነ አውጫቸው። የንግድ ፎንት የባለቤቱ ነው፤ ሠንጠረዡ እንጂ ፎንቱ ለመቀየር አያስፈልግሽም። ለውጤቱ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶን ተጠቀሚ፤ ሁለቱም በክፍት የፎንት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ለሙከራ ብለሽ ያስቀመጥሻቸው የሞጁል ገጾችም ካሉ አውጫቸው፤ እነሱም ደራሲ አላቸው። ኢትዮጵያ የማራካሽን ስምምነት ተቀላቅላለች። ስምምነቱ ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች የሚነበብ ቅጂ ለማዘጋጀት በር ይከፍታል። መጽሐፍን ለዓለም ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ለመበተን ግን አይደለም። ለሙከራ የራስሽን አንቀጽ ጻፊ። ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ፣ ሯ፣ ሏ እና የግዕዝ ቁጥሮች የታጨቁበት ይሁን።

ሙከራን ካነሳን አይቀር፣ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ አራት ነጥብን ብዙ ጸሐፊ ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ነው የሚጽፈው። ለዓይን አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ስክሪን ሪደሩ ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን ላያውቅ ይችላል፤ ሳይተነፍስ ይነጉዳል። ፕሮግራምሽ ይህን ወደ ትክክለኛው «።» ይቀይር። ሁለተኛ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ እንዳትጨፈልቂ። «ድምፁ ያው ነው» የሚል መካሪ አይጠፋም። የግዕዝ ወይም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን የቃሉን አጻጻፍ ፊደል በፊደል እያስነበበ ይማራል። እሱ ከሌላው ተማሪ ያነሰ ጽሑፍ የሚደርሰው በምን ዕዳው ነው?

ሌላው ወጥመድ ከውጭ የምትበደሪው አገልግሎት ነው። ቀጣዩ ጥያቄ ስካን ስለተደረጉ ፒዲኤፎች መሆኑ አይቀርም። ያኔ ገጹን ለአንድ የኦንላይን አገልግሎት ልኮ ጽሑፉን መቀበል ቀላል ይመስላል። ያ አገልግሎት ዋጋ የጨመረ ቀን ግን ያንቺ «ነጻ» ፕሮግራም ሂሳብ ይመጣበታል። ከሥዕል ላይ ጽሑፍ የሚያወጣውን ቴሰራክትን ሞክሪ። ሂውሌት ፓካርድ በ1985 ጀምሮ የሠራው፣ በ2005 ኮዱ የተከፈተ፣ በኋላ ጉግል ያሳደገው ነው። የአማርኛ ውሂብ አለው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ላይ ይሳሳታል፤ አራሚ ሰው ያስፈልገዋል። ጽሑፍን ወደ ብሬይል ለመቀየር ደግሞ ሊብልዊ አለልሽ፤ የኢትዮጵያ ብሬይል ሠንጠረዥ በውስጡ አለ፤ እሱም ክፍት ነው። ኢፐቡን ለመፈተሽ ኤስ የሚባለውን የዴይዚ ኮንሰርቲየም መፈተሻ እና ኢፐብቼክን ተጠቀሚ። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ገንዘብ አይጠይቁም።

በነገራችን ላይ፣ ፒዲኤፍን ትተሽ ወርድንና ኢፐብን መምረጥሽን ወድጄዋለሁ። በ2017 የወጣው አዲሱ የፒዲኤፍ ደረጃ ሰነድ ራሱ ለዓመታት በገንዘብ ነበር የሚሸጠው። ሕጉን ለማንበብ ካልከፈልሽ ሕጉን የሚያከብር ፕሮግራም እንዴት ትጽፊያለሽ? ያ ሰነድ ያለ ክፍያ የተለቀቀው በ2023 ነው፤ ያውም ሦስት ኩባንያዎች ወጪውን ሸፍነውለት። ኢፐብ ከጥንቱም ለማንም ክፍት ነው።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እንዋሻለን። ፈቃድ ኮዱን ነጻ ያደርጋል፤ የሚጠግነውን ሰው ግን አያበላውም። ዊንዶውስ ይታደሳል፣ ፓይተን ይለወጣል፣ አንድ ቀን ፕሮግራምሽ አልከፈት ይላል። ያኔ አንቺ ልጅ ወልደሽ ወይም ሥራ ቀይረሽ ሊሆን ይችላል። ኤንቪዲኤ የቆየው በበጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ሞዚላ ገና ከመነሻው ደግፎታል። ሰዎች ይለግሱለታል። የማሠልጠኛ መጻሕፍትና የምስክር ወረቀት ይሸጣል። ፕሮግራሙን ሲያወርዱት ግን ምንም አይከፈልም። አንቺም ከማውረድ በቀር በሌላው ማስከፈል ትችያለሽ፦ በሥልጠና፣ አዲስ ፎንት በመጨመር፣ የአንድ ቤተ መጻሕፍትን ሙሉ ክምችት በመቀየር። ነውር የለውም።

ድርጅቱንም የማየው በዚህ ዓይን ነው። ገንዘብና ፍላጎት ይዞ መጥቷል፤ የያዘው ጥያቄ ብቻ ነው የተሳሳተው። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦

«ስለ ፍላጎታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ፕሮግራሙን በጂፒኤል ሦስተኛ እትም ስለምለቀው፣ ለማከፋፈል መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ በስማችሁም ቢሆን ማደል ትችላላችሁ። ለግዢ የያዛችሁት በጀት ካለ ግን በአገልግሎት ውል ብንነጋገር እወዳለሁ። ለአንድ ዓመት ጥገና፣ ገና ያልተካተቱ ሁለት የድሮ ፎንቶችን ለመጨመር፣ እንዲሁም ፕሮግራሙን እየተጠቀመ ስህተቱን ለሚለቅም አንድ ማየት የተሳነው ባለሙያ አበል እንዲውል። በዚህ ውል የሚሠራው ሁሉ በዚያው ፈቃድ እንደሚለቀቅ ውሉ ላይ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቢለምኑሽም አታውጫት። ደብዳቤውንም የዩኒቨርሲቲው ማኅተም እጅሽ ሳይገባ እንዳትልኪው።